ሰማያዊዋ ብልቃጥ፦ የመዳብ ፔፕታይድ ቆዳን በእውነት ይጠግናል?



ቴሌግራም ላይ የመዋቢያ ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎችን የምትከታተሉ ከሆነ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሳታዩ አልቀራችሁም። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ክዳኗ ማንጠባጠቢያ አለው፤ ላይዋ ላይ «ኮፐር ፔፕታይድ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሥር የሚለጠፈው ማብራሪያ ደግሞ ጉድ ነው፦ መጨማደድ ያጠፋል፣ ጠባሳ ያነሳል፣ ፀጉር ያበቅላል፣ ቁስል ያደርቃል። እዚህ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ የሰፈሬ ተማሪዎች ኢንጂነሪንግ እንደምማር ስለሚያውቁ (ኢንጂነር ሁሉን ያውቃል ብለው መሰለኝ) ስለዚህች ብልቃጥ ደጋግመው ጠይቀውኛል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ፊት ነው። አንዷ ልጅ ግን «እናቴ ስኳር አለባት፤ እግሯ ላይ አልድን ያለ ቁስል አለ፤ ይሄን ብቀባላትስ?» አለችኝ። ይሄኛው በቀልድ የሚታለፍ ጥያቄ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጥናቶቹን ማንበብ ያዝኩ።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሞለኪውሉ እውነተኛ ነው፤ በሁላችንም ደም ውስጥ አለ፤ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያሳየው ነገርም ደስ ይላል። ከላብራቶሪው ሳህን ወደ ሰው ቆዳ ሲሻገር ግን ብዙው ተስፋ መንገድ ላይ ይቀራል። የት የት እንደሚቀር እንከታተለው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከብራና እንጀምር

ቆዳን ስለመጠገን ከማውራታችን በፊት ቆዳ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለብን። ለዚህ ደግሞ ጣና ጥሩ መማሪያ ነው። በክብራን ገብርኤል፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በዑራ ኪዳነ ምሕረት የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍት አስቡ። ብራና ሲዘጋጅ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ፀጉሩ፣ ስቡና ሥጋው ተፍቆ ይወጣል፤ እንደተወጠረም ይደርቃል። ይሄ ሁሉ ከተፋቀ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? በአብዛኛው አንድ ፕሮቲን፦ ኮላጅን። ጸሐፊው ቀለሙን ነክሮ የሚጽፈው ኮላጅን ላይ ነው ማለት ነው።

ኮላጅን በቅርጹ ገመድ ነው። ሦስት ረጃጅም የፕሮቲን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠምዝዘው አንድ ክር ይሆናሉ፤ ብዙ ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ደግሞ ወፍራም ገመድ ይሠራሉ። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ግን ክር መኖሩ ብቻ አይበቃም። በደንብ ያልከረረ ፈትል ሳብ ሲያደርጉት ይላቀቃል። የኮላጅን ክሮችም እንዳይንሸራተቱ በመካከላቸው ማያያዣ ድልድይ ያስፈልጋቸዋል።

የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ይሄን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ክሮም የተባለው ብረት ነው። በጥሬው ቢተው የሚበሰብሰውን ቆዳ፣ ክሮሙ የኮላጅን ክሮቹ መሐል ገብቶ እርስ በርስ ስለሚያስራቸው ጫማና ጃኬት ለመሆን ይበቃል። ሰውነታችን ደግሞ ይሄንኑ ማሰር በሕይወት እያለን ይሠራዋል፤ መሣሪያው ላይሲል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ኮላጅን ላይ ያሉ የተወሰኑ ቦታዎችን በኬሚካል ይለውጥና ጎረቤት ክሮች እንዲያያዙ ያደርጋል። ይሄ ኢንዛይም ያለ አንድ ነገር ምንም አይሠራም፤ ያም መዳብ ነው። አዎ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው መዳብ።

በጎቹ የነገሩን

መዳብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አገራችን ውስጥ በደንብ ታይቷል። በ1980 በታተመ ጥናት በስምጥ ሸለቆአችን በጎችና ፍየሎች ላይ የሚታይ አንድ በሽታ ተዘግቧል። ግልገሎቹ የኋላ እግራቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል፤ ይንገዳገዳሉ፤ ይወድቃሉ። ምክንያቱ የመዳብ እጥረት ነው። እናትየው በእርግዝናዋ ጊዜ በቂ መዳብ ካላገኘች የግልገሉ ነርቭ ሽፋን በወጉ አይሠራም። መዳብ የሚፈልገው ላይሲል ኦክሲዴዝ ብቻ አይደለማ! ለነርቭ፣ ለደም፣ ለጸጉር ቀለም፣ ለጉልበት ማመንጫ የሚሠሩ ሌሎች ኢንዛይሞችም ይፈልጉታል።

ከበጎች ወደ ሰው ያሻገረን ደግሞ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በ1962 ጆን ሜንክስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በሕፃናት ላይ የሚከሰት ከባድ በሽታ ገለጹ፤ የልጆቹ ፀጉር የተጠመዘዘና በቀላሉ የሚሰበር ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ዴቪድ ዳንክስ የተባለ የሜልበርን ሐኪም ያንን ፀጉር ሲያይ አንድ ነገር ትዝ አለው። አውስትራሊያ የበግ አገር ናት፤ መዳብ ያነሳቸው በጎች ሱፍ ምን እንደሚመስል እዚያ ይታወቃል። የልጆቹ ፀጉር ቁርጥ ያንን ሱፍ ይመስላል! ሲመረመር እውነትም ሰውነታቸው መዳብን በአግባቡ መውሰድና ማከፋፈል አይችልም ነበር። እነዚህ ልጆች ቆዳቸው የላላ፣ የደም ሥራቸው የተጠማዘዘ ነው፤ ኮላጅኑና ሌላው ተለጣጭ ፕሮቲን ኢላስቲን በደንብ አልታሰረማ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ፤ ብዙ ማስታወቂያ የሚንሸራተተው እዚህ ጋ ነው። «መዳብ ሲያንስ ቆዳ ይበላሻል» ማለት «መዳብ ሲጨመር ቆዳ ያምራል» ማለት አይደለም። ጨው የሌለው ወጥ አይበላም፤ በቂ ጨው ያለው ወጥ ላይ ሌላ ጨው ቢነሰነስበት ግን ማንም አያመሰግናችሁም። ጤናማ የሆነና የተመጣጠነ ምግብ የሚያገኝ ሰው በአብዛኛው የሚበቃውን መዳብ ከምስር፣ ከሽንብራ፣ ከሰሊጥ፣ ከጉበት ያገኛል።

ከዚያም በላይ ነጻ የሆነ መዳብ አደገኛ ነው። ኤሌክትሮን በቀላሉ ይሰጣል፣ ይቀበላል፤ ኢንዛይም ውስጥ የሚጠቅመው በዚሁ ባሕርዩ ነው፤ ብቻውን ሲዘዋወር ግን ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥሉ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል። ልክ ጎማው የተላጠ ሽቦ ማለት ነው። ሰውነታችን ይሄን ስለሚያውቅ መዳብን ባዶውን አይለቀውም፤ ደም ውስጥ ሴሩሎፕላዝሚንና አልቡሚን የተባሉ ፕሮቲኖች ይዘውት ይዞራሉ። ፔፕታይዱ ወደ ታሪኩ የሚገባው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ፊደል ያላት ቃል

ፔፕታይድ ማለት አጭር ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ድርሰት ከሆነ ፔፕታይድ ቃል ነው። የእኛዋ ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ አሏት፦ ግላይሲን፣ ሂስቲዲን፣ ላይሲን። በምሕጻረ ቃል ጂኤችኬ ይሏታል። መሐል ላይ ያለው ሂስቲዲን መዳብን ጥብቅ አድርጎ የመያዝ ችሎታ አለው። መዳቡን ስትይዝ ቀለሟ ሰማያዊ ይሆናል፤ የብልቃጧ ቀለም ከዚህ የመጣ ነው። በጥሩ ምርት ላይ የተጨመረ ቀለም አይደለም።

ያገኛት ሎረን ፒካርት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። እሱ እንደሚተርከው የወጣት ሰዎች የደም ፕላዝማ ሲጨመርበት የአረጋውያን የጉበት ሕብረ ህዋስ እንደ ወጣት መሥራት ጀመረ፤ በፕላዝማው ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው ብሎ ሲያጣራ ይቺን ሦስት ፊደል አገኘ። በ1973 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ጽሑፍ በሰው ደም ውስጥ የጉበት ህዋሳትን ዕድሜ የሚያራዝም ባለ ሦስት አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ እንዳለ ይናገራል። በ1980 ደግሞ ፔፕታይዷ ምናልባት መዳብን ወደ ህዋስ በማስገባት ትሠራ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እንደ ፒካርት ጽሑፎች መጠኗ በ20 ዓመት ዕድሜ በአንድ ሚሊሊትር ፕላዝማ 200 ናኖግራም ገደማ ሲሆን በ60 ዓመት ወደ 80 ይወርዳል። ማስታወቂያዎች የሚወዱት ይሄንን ቁጥር ነው። ፒካርት ከጊዜ በኋላ ይሄንኑ ነገር የሚሸጡ ኩባንያዎችን እንደመሠረተም አብራችሁ ያዙልኝ፤ ሳይንሱን ውሸት አያደርገውም፣ ግን ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያረጋግጠው ያስፈልጋል።

ሌላ ሰው ደግሞ አረጋገጠው፤ ቢያንስ ሳህን ላይ። በ1988 ማካርት የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ፋይብሮብላስት የሚባሉትን ኮላጅን ሠሪ ህዋሳት ወስደው በመዳብ የተያዘችውን ጂኤችኬ ሰጧቸው። ህዋሳቱ ተጨማሪ ኮላጅን አመረቱ። የሚገርመው ደግሞ ሦስቱ ፊደላት ራሱ ኮላጅን ውስጥ መገኘታቸው ነው። ቁስል ሲፈጠር ኢንዛይሞች የተጎዳውን ኮላጅን ይቆራርጡታል፤ ከቁርጥራጮቹም አንዷ ጂኤችኬ ልትሆን ትችላለች። ቤት ሲፈርስ ከፍርስራሹ የወደቀች ጡብ ራሷ «ግንበኛ ጥሩ!» ብላ እንደምትጮህ አስቡት። በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም ያማረኝ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ባይሸጥም ይማርካል።

ከሳህኑ እስከ ቆዳው

አሁን ትንሽ የኢንጂነር ሒሳብ እንሥራ፤ ብዕር አትፈልጉም። በፈረንሳዮቹ ሙከራ ህዋሳቱ ከሁሉ የበለጠ የሠሩት መጠኑ 1 ናኖሞላር ሲሆን ነው። ይህም በአንድ ሊትር ውስጥ 0.4 ማይክሮግራም ያህል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት፣ 5 ግራም በሉት፣ አምስት የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ብትበጠብጡ ወደዚያ መጠን ትቀርባላችሁ። በሌላ በኩል 1 በመቶ ጂኤችኬ ያለው ሴረም በሊትር 10 ግራም አለው፤ ይህም የሙከራውን 25 ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብልቃጧ ውስጥ ያለው አነሰ የሚል የለም። ጥያቄው ከዚያ ውስጥ ስንቱ፣ በምን መልኩ፣ የት ይደርሳል የሚለው ነው።

ፋይብሮብላስቶቹ ያሉት ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ነው። ከእነሱ በላይ ያለው የመጨረሻው ንጣፍ ከሚሊሜትር መቶኛ ብዙም የማይወፍር የሞቱ ህዋሳት ግድግዳ ነው፤ ህዋሳቱ ጡብ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ጭቃ። ይሄ ግድግዳ የተሠራው ውጭ ያለውን እንዳያስገባ፣ ውስጥ ያለውን ውሃ እንዳያስወጣ ነው። ጣና ላይ ስትዋኙ እንደ ስፖንጅ የማትጠጡት በእሱ ምክንያት ነው። ሥራውን በደንብ ስለሚሠራ ለሴረም ሻጭም ለመድኃኒት መሐንዲስም ራስ ምታት ነው።

የቆዳ ተመራማሪዎች በ2000 ያቀረቡት አንድ ደንብ አለ፦ ከ500 ዳልተን የሚበልጥ ሞለኪውል ጤናማ ቆዳን ማለፍ ይቸግረዋል። የመዳብ ፔፕታይዳችን 400 ገደማ ናት፤ በመጠን ታልፋለች። ሻጮቹ ይሄን ይነግሯችኋል። የማይነግሯችሁ ነገር ሞለኪውሏ ውሃ ወዳድ መሆኗንና የኤሌክትሪክ ሙል እንዳላት ነው፤ መንገዱ ደግሞ ስብ ነው። ዘይትና ውሃ አብረው እንደማይሄዱ ታውቃላችሁ። የሆነ ሆኖ ጨርሶ አታልፍም ማለትም አይቻልም። ከለጋሾች በተወሰደ የሰው ቆዳ ላይ፣ በላብራቶሪ፣ ለ48 ሰዓት በተደረገ ሙከራ የተወሰነ መዳብ አልፏል፤ ቆዳው ውስጥ የቀረም አለ። ግን 48 ሰዓት ሙሉ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሳያልበው የሚቀመጥ ማነው? ደግሞም መሣሪያው የሚያየው መዳብን ከሆነ ፔፕታይዷ አብራው ደረሰች ወይስ መንገድ ላይ ተለያዩ የሚለውን አይነግረንም። ቆዳ ውስጥ ፔፕታይድ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችም ሞልተዋል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ፔፕታይዷን በስብ ከረጢቶች ጠቅልሎ ማስገባትን፣ ወይም ፀጉር በሚያህሉ መርፌዎች መንገድ መክፈትን የሚሞክሩት።

ሰው ላይ ሲሞከርስ?

እስቲ ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። ቁስል ላይ ያ ግድግዳ ስለፈረሰ መድረስ ችግር አይደለም። ስለዚህ የመዳብ ፔፕታይድ መሥራት ካለበት መጀመሪያ መሥራት ያለበት እዚያ ነው። ሁለት ሙከራዎች በተለይ መታወቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው በ1992 የታተመ ነው። የደም መልስ ሥሮች ችግር ባመጣው የእግር ቁስል የተያዙ 86 ሕሙማን በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፈሉ፦ አንዱ የመዳብ ፔፕታይድ ቅባት፣ ሁለተኛው ለቃጠሎ የሚታወቀው የብር ቅባት (ሲልቨር ሰልፋዳያዚን)፣ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለው መሰል ቅባት ተሰጠው። ቁስሉ በብሩ ቅባት 44 በመቶ ሲጠብ በመሰሉ ቅባት 22.5 በመቶ ጠበበ። በመዳብ ፔፕታይዱስ? 18.7 በመቶ። ምንም ካልተጨመረበት ቅባት አልበለጠም ማለት ነው።

ሁለተኛው በ1994 በስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል ላይ የተደረገ ነው፤ የልጅቷ እናት ዓይነት ቁስል። እዚህ ውጤቱ ተገላበጠ፦ የሞተው ሥጋ ተጠርጎ ወዲያው ጂኤችኬ ያለው ጄል የተቀባላቸው የውስጥ እግር ቁስሎች 98.5 በመቶ ሲዘጉ መሰሉን ጄል የተቀቡት 60.8 በመቶ ተዘጉ። ደስ ይላል አይደል? ግን ሁለተኛውን ቁጥር ደግማችሁ እዩት። መድኃኒት ያልነበረው ጄልም ከግማሽ በላይ ዘግቷል። ምክንያቱም በሁለቱም ቡድን ያሉ ሕሙማን ቁስላቸው ይጸዳ፣ በየቀኑ ይታሸግ፣ ጫና የሚያነሳ ጫማም ያደርጉ ነበር። ትልቁን ሥራ የሠራው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቁስል ፈዋሽ መድኃኒትነት የጸደቀ የመዳብ ፔፕታይድ እስካሁን የለም።

ስለዚህ ለልጅቷ ያልኳት ይሄንን ነው፦ ብልቃጧን ተዪና እናትሽን ይዘሽ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሂጂ፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ። የስኳር ቁስል የማይድነው ኮላጅን ስላነሰ ብቻ አይደለም። ነርቩ ስለደነዘዘ እግሩ ሲጎዳ አይሰማም፤ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፤ ሰውየው ቁስሉን እየረገጠ ይሄዳል፤ ባክቴሪያ ይገባል። እነዚህን አራቱን የሚፈታ ጠብታ የለም። ቤት ውስጥ በሴረም ሲሞካከር የሚባክነው ሳምንት ደግሞ እግር ሊያስቆርጥ ይችላል።

የፊት ነገርማ ቀለል ይላል፤ ማስረጃውም እንደዚያው። በብዛት የሚጠቀሰው በ71 ሴቶች ላይ ለ12 ሳምንት የተደረገ ሙከራ ነው፤ ቆዳቸው ጠንከር፣ መስመሮቹ ቀነስ አሉ ይላል። ይሄ ግን የተሰማው በ2002 የሐኪሞች ጉባኤ ላይ በቀረበ አጭር ጽሑፍ ነው። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ፊታቸው በሌዘር የታከመ 13 ሰዎችን ተከታትሎ በመቅላቱም በመጨማደዱም ረገድ ግልጽ ልዩነት አላገኘም፤ የመዳብ ፔፕታይድ የተቀቡት ግን በውጤቱ ይበልጥ ረክተናል ብለዋል። መርካት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ኮላጅን ግን አይደለም።

ጎጃም ውስጥ የተረጋገጠ የቆዳ ጥገና

«ቆዳ መጠገን» ሲባል ፊት ብቻ ስለሚታየን በቅርባችን የተሠራ ትልቅ ሥራ ይረሳናል። በክልላችን ደጋማ ቦታዎች በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚይዝ የእግር እብጠት አለ፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ቆዳው ሲሰነጣጠቅ ባክቴሪያ ይገባና ሰውየው በትኩሳትና በሕመም አልጋ ላይ ይውላል፤ ይህም በዓመት ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2018 የታተመ ሙከራ ነበር። ግማሾቹ ወዲያው እንክብካቤ ጀመሩ፦ እግር መታጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ሌሎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። በዚያ ዓመት እንክብካቤውን ያገኙት ሰዎች በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ ያላገኙት 23.9 ጊዜ ታመሙ። አንድ ሰው በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከአልጋ ተረፈ ማለት ነው። ተአምር አይደለም፤ ግን ትልቅ ሙከራ ነው፣ ውጤቱ የታመነ ነው፣ ዋጋውም የገበሬን ኪስ ያገናዘበ ነው።

የኢንጂነር ጆሮዬን ያቆመው ግን በ2017 የታተመ ሌላ የኢትዮጵያ ሙከራ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ የዚህ በሽታ ሕሙማን ተሳትፈዋል። የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው፦ እግር መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመርና የውሃውን መጠን መቀነስ። ውሃ ከሩቅ በጀሪካን ለሚቀዳ ቤተሰብ የመጨረሻዋ ነገር ቀላል አይደለችም። ተመራማሪዎቹ በቆዳ በኩል የሚተነውን ውሃ በመሣሪያ ለኩ፤ ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ሰዎች ቆዳ ውሃውን የበለጠ ያዘ። ያ የጡብና የጭቃ ግድግዳ ተጠገነ ማለት ነው። ግሊሰሪን ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ይሸጣል፤ ሰማያዊም አይደለም፤ ማንም ቴሌግራም ላይ አያስተዋውቀውም።

ብልቃጧ ቤታችሁ ካለች

የገዛችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። ጤናማ ቆዳ ላይ በሚቀባ መልኩ ብዙም የጎላ ጉዳት አልተዘገበም። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ከኋላዋ ባለው ዝርዝር ውስጥ «ኮፐር ትራይፔፕታይድ-1» የሚል መኖሩን እዩ፤ ከሌለ የገዛችሁት ሰማያዊ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከቫይታሚን ሲ ሴረም ጋር በአንድ ጊዜ አትቀቡ፤ መዳብ ቫይታሚን ሲን በፍጥነት ያበላሸዋልና። አሲድ ካለባቸው መላጫ ቅባቶች ጋርም አይስማማም፤ አሲዱ ሂስቲዲኑን ሲይዘው መዳቡ ይለቀቅና ያው የተላጠ ሽቦ ይሆናል። ክፍት ቁስል ላይ በራሳችሁ አትጠቀሙ። በመርፌ የሚወጋ ዱቄት ብለው የሚሸጡትን ደግሞ ጨርሶ አትንኩት፤ ንጽሕናውን ማንም አላየውም፤ ቆዳ ላይ የተሞከረ ነገር ደም ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። ቆዳ ያነጣል የሚላችሁ ካለም ይሄ ፔፕታይድ የማንጣት ሥራ የለውም፤ ካነጣችሁ ውስጡ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ኮላጅናችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ወደ ላይ ቀና በሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ፀሐይዋም እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። ይህ ጨረር ቆዳ ውስጥ ኮላጅን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ጥቁር ቆዳችን ብዙውን ይከላከልልናል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ የእናቶች ነጠላ፣ አቅም ካለም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያለውን ኮላጅን ያተርፋሉ።

እንዲያው ከእናንተ መሐል ወደፊት ይሄን ነገር በደንብ የሚፈትን ተማሪ ቢወጣ ፈተናው ከባድ አይደለም፦ አንድ ሰው፣ ሁለት ጉንጭ። በዕጣ አንዱ ጉንጭ ላይ የመዳብ ፔፕታይዱ፣ ሌላው ላይ መሰሉ፤ ለሦስት ወር፤ ቀቢውም ለኪውም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ። አንድ ጣጣ ብቻ አለ። እውነተኛው ሰማያዊ ስለሆነ ሁሉም ሰው ገና ብልቃጡን ሲያይ ያውቀዋል። ስለዚህ መሰሉንም እኩል ሰማያዊ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ቆዳን የማይነካ፣ መዳብ የሌለበት ሰማያዊ ቀለም መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው።